የቬሎር እጆች

ከቼናይ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ካትፓዲ ጣቢያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከካትፓዲ ወደ ቬሎር ከተማ ለመግባት ደግሞ የፓላርን ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ እኛ በደረስንበት ወቅት ከረጅሙ ድልድይ ሥር የተዘረጋው ሰፊ አሸዋ ብቻ ነበር። ሙቀቱ ከባቡር እንደወረድን ፊታችንን ገረፈው። ባጃጁ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት አጎቴ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን እየጠረጉ፣ «እዚህ ቦታ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ የባዕድ አገር ሐኪም ካለ መቼም ከልቡ ነው» አሉ።

ቬሎርን ያቆማት ሕመምተኛ ነው ማለት ይቻላል። በውኃ ቦይ የተከበበ አሮጌ ምሽግ አላት፤ በምሽጉ ውስጥም የጥንት ቤተ መቅደስ አለ። ከዚያ ራቅ ሲባል ግን ሌላ ከተማ ይጀምራል፤ መድኃኒት ቤት ከመድኃኒት ቤት ተያይዞ፣ በየደረጃው ርካሽ ማረፊያ፣ በየበሩ የራጅ ፊልም በብብቱ የያዘ ሰው። ማስታወቂያዎቹ በአገሬው በታሚል ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በቤንጋሊም ተጽፈዋል፤ ከምሥራቅ ህንድና ከባንግላዴሽ ድረስ የሚመጣው ብዙ ነውና። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚስበው ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ የሚባለው ሆስፒታል ነው። እኛንም ያመጣን እሱ ነው።

ሆስፒታሉን የመሠረተችው አይዳ ስከደር ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1870 ህንድ ውስጥ ከአሜሪካውያን ሚስዮናውያን ቤተሰብ ተወለደች፤ የወላጆቿን ሥራ ግን አልፈለገችውም። በወጣትነቷ አንድ ሌሊት ሦስት ባሎች ተራ በተራ መጥተው በሯን አንኳኩ። የሦስቱም ሚስቶች ምጥ ጠንቶባቸዋል። አባቷ ሐኪም ነው፣ እሱ ይምጣ ብትላቸው ሦስቱም ወንድ ሚስታችንን አያይም ብለው ሄዱ። ሲነጋ ሦስቱም ሴቶች ሞተው ነበር። አይዳ አሜሪካ ተመልሳ ሕክምና ተማረች፤ በ1900 ቬሎር ላይ በአንድ አልጋ ጀመረች፤ በ1918 ደግሞ ሴቶችን ሐኪም የሚያደርግ ትምህርት ቤት ከፈተች። ወንድ የሚቀበለው በኋላ ነው።

አጎቴን ጋሼ እላቸዋለሁ። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከቀኝ ውስጥ እግራቸው የወጣ ቁስል አልድን ብሎ ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላ ሲያመላልሳቸው ከርሟል። እሳቸውን የሚገርማቸው ያለመዳኑ አልነበረም፤ ያለማመሙ ነበር። «ካላመመኝ ምኑን ትታገሉታላችሁ?» ይሉን ነበር።

ቬሎር ያገኘናቸው ሐኪም ትሑት ሰው ናቸው። ጋሼን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገሯቸውና ከእጀታ ጫፍ ላይ የተተከለ ቀጭን የናይለን ክር አወጡ። ክሩን እስኪታጠፍ ድረስ ከእግራቸው ተረከዝ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ከውስጥ እግራቸው ልዩ ልዩ ቦታ ላይ ተጫኑት። ሲነካዎት ይናገሩ ተብለዋል፤ ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ጋሼ ዝም አሉ። ሐኪሙ ሁለተኛውን እግር ሠርተው ክሩን ወደ ማኅደሩ ሲመልሱ ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «መቼ ነው የሚጀምሩት?» ብለው ጠየቁኝ።

ሐኪሙ ቀስ ብለው ነገሩን። የእግርዎ ነርቭ ሞቷል፤ ጠጠር ሲወጋዎት፣ ጫማ ሲልጥዎት የሚጮህልዎት የለም፤ ቁስሉ የማይድነው በየቀኑ ስለሚረግጡት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ይህን ክር ለስኳር ሕሙማን ያወረሱን የሥጋ ደዌ ሕሙማንና አብረዋቸው የሠሩት ሐኪሞች ናቸው አሉ። የጠሩት ስም ፖል ብራንድ ነበር። ስሙን ከዚያ በፊት ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ጋሼ እግራቸው በጄሶ ታሽጎ ባረፉባቸው ቀናት ግን ሰውዬው በሄደበት መንገድ ሄድኩ።

ብራንድ በ1914 የተወለደው ከቬሎር በስተደቡብ በኮሊ ተራሮች ላይ ነው። አባቱ ጄሲና እናቱ ኤቭሊን እንግሊዛውያን ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ያስተምራሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ጥርስ ይነቅላሉ። ልጁን በዘጠኝ ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሰደዱት። አባቱን ዳግመኛ አላየውም፤ ጄሲ በ1929 በወባ ጠንቅ ተራራው ላይ ሞተ። ፖል መጀመሪያ የተማረው የግንባታ ሥራ ነው፤ አናጢነትና ግንበኝነት። ሐኪም የሆነው በኋላ ሲሆን፣ የቀዶ ሕክምናን የለመደውም ጀርመን ለንደንን በቦምብ በምትደበድብበት ዘመን የተሰባበረ እጅና እግር ሲጠግን ነው። በእኔ እምነት በሥራው ላይ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ይልቅ አናጢነቱ ይታያል። እንጨት ሲሠነጠቅ ሰበቡን የሚፈልግ ሰው፣ «ይህ እንጨት መጥፎ ነው» ብሎ አይጥለውም።

በ1946 ቬሎር ደረሰ። የጠራው የሥጋ ደዌ ሊቅ የነበረው ዶክተር ሮበርት ኮክሬን ነው፤ ወደ ቺንግልፑት የሥጋ ደዌ ማገገሚያ ይዞት ሄደ። ብራንድ እዚያ ያያቸው እጆች ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው የደረቁ ናቸው። ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ፣ ምን ሊደረግላቸው እንደሚችል ያጠና የአጥንት ቀዶ ሐኪም እንዳለ ኮክሬንን ጠየቀው። ማንም አልነበረም። በዓለም ላይ እልፍ አእላፍ ሕዝብ በዚህ በሽታ ይሽመደመዳል፤ ስለ እጁ ግን የጠየቀ የለም።

ከዚያ የሆነው ነገር ተደጋግሞ ይነገራል፣ ደጋግሞም ሊነገር ይገባዋል። ብራንድ አንዱን ሕመምተኛ እጁን ያዘውና፣ በቻልከው ኃይል ጨብጠኝ አለው። ከሽባ እጅ የሚጠብቀው ልምሾ ጭብጥ ነው። ሰውዬው ግን ጥፍሩ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ጨበጠው። ብራንድ ከሕመሙ የተነሣ ጮኸ፤ ቀና ብሎ ሲያይ ግን የሰውዬው ፊት ላይ አንዳች ክፋት የለም። ማሳመሙን አላወቀም፤ እጁ አይነግረውማ። በዚያች ቅጽበት ሐኪሙ ሁለት ነገር አወቀ። እጁ ውስጥ ያልሞተ ብርቱ ጡንቻ አለ። ያ ብርታት ደግሞ ልኩን አያውቅም።

የመጀመሪያው ነገር ወደ ቀዶ ሕክምና ወሰደው። በሥጋ ደዌ የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረምር ነርቮቹ የተነፉት በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት አካባቢ ብቻ ሆነው አገኛቸው፤ ለቆዳ በሚቀርቡበትና ሰውነት በሚቀዘቅዝበት ቦታ። ከክርን በላይ ያለው ጡንቻ ታዲያ ጤነኛ ነው፤ በክንድ ላይ ያለውም አብዛኛው እንዲሁ። እንግዲያው የጤነኛውን ጡንቻ ጅማት ከቦታው አንሥቶ በመዳፍ ውስጥ አሳልፎ ከታጠፈው ጣት ጋር ማሰር ይቻላል። ቀዶው ካለቀ በኋላ ደግሞ ወራት የሚፈጅ ልምምድ አለ፤ ሌላ ሥራ የለመደ ጡንቻ ጣት ማንቀሳቀስን እንደ ሕፃን ይማራል። ሚስቱ ማርጋሬት በዓይን ላይ ሠራች። የዓይን ሽፋን ነርቭ ሲሞት ሰው መርገብገብ ያቆማል፤ ዓይኑ ይደርቃል፤ ይታወራል። ከማኘኪያው ጡንቻ ቁራጭ ተወስዶ ከዓይን ሽፋኑ ጋር ሲያያዝ ሰውዬው ባላመጠ ቁጥር ዓይኑ ይከደናል።

በመጻሕፍቱ ውስጥ አብዛኛው ምስጋና ለብራንድ ይሄዳል። እኔን ግን እነዚያ መጀመሪያ እጃቸውን የሰጡ ልጆች ያስደንቁኛል። ሆስፒታሎች የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ አናስተኛም በሚሉበት፣ ሥጋቸው መጥፎ ነው፣ የተሰፋ አይድንም በሚባልበት ዘመን፣ ያልተሞከረ ነገር ለመሞከር እጃቸውን ዘረጉ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከባድ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ በዚህ በሽታ ግን የተወጋው ራሱ አያውቅም። አንድ ቀን ብራንድ በዛገ ጓጉንቸር ሲታገል አንድ ልጅ መጥቶ ቁልፉን በቀላሉ አዞረለት። ወለሉ ላይ ደም ጠብ ሲል ያየው ሐኪሙ ነው፤ የቁልፉ ብረት የልጁን ጣት እስከ አጥንቱ ቆርጦት ነበር። ሕመምተኞቹ ጣታቸው ማታ ኖሮ ጧት ሲነሡ ይጎድላል። በሽታው ጣት እየበላ ነው የሚለው አሮጌ እምነት ትክክል መስሎ ነበር። ሌሊት ተጠብቆ ሲታይ አይጥ ሆኖ ተገኘ። የሚበላ ጣት የማይሰማው ሰው አይነቃም። ከዚያ ወዲያ ሕክምና ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። በቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን የመሰለ ትእዛዝ ሌላ ቦታ አላነበብኩም፤ የአንድን ሐኪም ታላቅነት ለመለካትም ከየትኛውም ሽልማት ይልቅ ይህቺን ድመት እመርጣለሁ።

ብራንድ ራሱ የጻፈው የአንድ ወጣት ታሪክ አለ። እጁ ተጠግኖለት፣ እግሩ ድኖ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ያኔ ማድራስ ወደምትባለው ቼናይ ሄደ። በመጀመሪያው ሌሊት አይጥ ጣቱን በላው። በሚቀጥለው ሌሊት እንዳይተኛ ብሎ በፋኖስ መጽሐፍ ሲያነብ አደረ። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ጣለው፤ እጁ ከጋለው ብርጭቆ ላይ አርፎ ቆዳው ተቃጠለ። ሲመለስ ሁለቱም እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። ሐኪሙና ወጣቱ አብረው አለቀሱ።

ካሪጊሪ ከቬሎር ወጣ ብሎ ያለ የሥጋ ደዌ ማዕከል ነው፤ በ1955 የተቋቋመ። በባጃጅ ሄድኩ። በመንገዱ ላይ ያለው ምድር ዐለትና እሾህ ነው፤ በሩን ሲገቡ ግን ጥላ ይቀበላል። ዶክተር ኧርነስት ፍሪትሺ የሚባሉ፣ የብራንድ ባልደረባ የነበሩ ቀዶ ሐኪም ይህን ራቁት መሬት ዛፍ እያስተከሉ፣ የዝናብ ውኃ እያስቀሩ ጫካ አደረጉት። ከሁሉም ያቆየኝ የጫማው ወርክሾፕ ነው። ጫማ ሠሪዎቹ ለስላሳ ስፖንጅ ጎማ እየቆረጡ በእያንዳንዱ እግር ልክ ሶል ያበጃሉ። ይህም ከአናጢው ሐኪም ዘመን የመጣ ነው። ብራንድ አንድ ጫና ሲደጋገም ቆዳ እንዴት እንደሚሞት ለዓመታት አጥንቷል።

ከወርክሾፑ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ሰላም አሉኝ። የታሚል ሰው ሰላምታው እንዲህ ነው፤ ጣቶች ቀጥ ብለው መገጣጠም አለባቸው። የሽማግሌው ጣቶች ተገጣጠሙ፣ በአንጓቸው ላይ የድሮ ስፌት መስመር ይታያል። ጣቱ የታጠፈ ሰው እዚህ አገር ሰላም ማለት አይችልም፣ በእጁ ሩዝ ዝቆ መብላትም አይችልም። ይህ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከአንድ ትሪ እጅ ለእጅ በሚበላበት፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር፣ እጁ የታጠፈበት ሰው ከማዕዱ ሲገለል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በልጅነቴ ከመንጋቱ በፊት በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑት ላሊበሎች ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ካልዘፈኑ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል። ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ የምፈራው በሽታውን ነበር፤ እነሱንም ጭምር።

የብራንድ ፈተና በእጅ አላበቃም። የተጠገነላቸው ሰዎች ተመልሰው መጡና ይህ እጅ አልጠቀመንም አሉት። ጣት ሲቀና የሚመጸውት እጅ ጎደለ፤ ጠባሳውን አይቶ ደግሞ ሥራ የሚቀጥራቸው የለም። በሕክምና ኮሌጁ ግቢ የአዲስ ሕይወት ማዕከል የተባለ ትንሽ መንደር የተሠራው ያኔ ነው። ሐኪሙ ራሱ ያስተማራቸው አናጢነት ነበር፤ የእንጨት መጫወቻ ሠርተው ይሸጡ ጀመር። መዶሻና መጋዝ ለማይሰማ እጅ አደገኛ ስለሆነ እጀታው ሁሉ ታስቦበት ይሠራ ነበር። እኔ የሰውዬውን ሚስዮናዊነት የማየው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሚስዮናዊ ሐኪም ሲባል ጥርጣሬ ይከተላል፤ መድኃኒቱን ይዞ የመጣው ሃይማኖት ሊያስለውጥ ነው ይባላል፤ አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልጠረጠሩም። ብራንድም እምነቱን አልደበቀም፤ ይሰብክ ነበር። ሆኖም እምነቱ ከቀዶ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቆም አልሆነም። ሰውዬው ምን በልቶ ያድራል እስከሚለው ጥያቄ ድረስ አስከተለው።

ከባልደረቦቹ ሁሉ ሜሪ ቨርጊስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ህንዳዊት ሐኪም ናት። በ1954 በመኪና አደጋ አከርካሪዋ ተጎድቶ ከወገብ በታች ሽባ ሆነች። ወጣት ሐኪም ናት፤ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሏታል። ብራንድ ግን የእጅ ቀዶ ሕክምና ተቀምጦ የሚሠራ መሆኑን ነገራት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅ ማቃናት ጀመረች። ኋላም የቬሎርን የተሐድሶ ሕክምና ክፍል መራች። ቢላዋ የያዘችው ሐኪም ራሷ መራመድ እንደማትችል ያየ ሕመምተኛ ምን እንደተሰማው አስባለሁ።

ስለ ብራንድ ካነበብኩት ሁሉ አንድ ሌሊት አይረሳኝም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ በመርከብ ተመልሶ ከሳውዝሃምፕተን ለንደን በባቡር ገባ። ደክሞት፣ ታሞ ካልሲውን ሲያወልቅ ተረከዙ አይሰማውም። መርፌ ወጋበት፤ ምንም። ለዓመታት ሌሎችን የመረመረበት ምልክት ይኸው በራሱ ላይ ታየ። ሌሊቱን ሁሉ ከሚስቱና ከልጆቹ እንዴት እንደሚለይ ሲያስብ አደረ። ሲነጋ መርፌውን እንደገና አነሣ፤ ሲወጋው አሳመመው፣ ጮኸ። ባቡሩ ውስጥ በአንድ ጎን ሲቀመጥ ነርቩ ደንዝዞ ኖሯል። ያን ቀን ስለ ሕመም እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ በቀሪው ዕድሜውም ሕመም ስጦታ መሆኑን ማስተማር አልተወም። የሚያመው ሰው ፊት ቆሞ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም። እሱ ግን ለመናገር መብት ነበረው፤ ሕመም የጠፋባቸውን ሰዎች ቁስል ለዓመታት አጥቦአልና።

በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ወደሚገኘው የካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሄደ። ከሥጋ ደዌ የተማረውን ወደ ስኳር ሕሙማን እግር ያሻገረው እዚያ ነው። ያልዳነ ቁስልን በጄሶ አሽጎ ማሳረፍ፣ የጫማ ልክ፣ የየዕለት ምርመራ። በ2003 ሲያትል ውስጥ አረፈ። እናቱ ኤቭሊን ግን በኮሊ ተራሮች ቀረች። ሚስዮኑ ጡረታ ውጪ ሲላት አሻፈረኝ ብላ ወደ ተራራው ተመልሳ፣ በእርጅናዋም በፈረስ እየዞረች ሠርታ በዘጠና አምስት ዓመቷ ሞተች።

ከብራንድ ጋር አዲስ አበባን የሚያገናኛት ደግሞ አለርት ነው። የአፍሪካ ሐኪሞች የሥጋ ደዌን ሕክምናና ተሐድሶ የሚማሩበት ማዕከል እንዲኖር ሐሳቡን ካራመዱት መካከል አንዱ እሱ ነበር። ማዕከሉ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ተቋቋመ። ዛሬ በሽታው በክኒን ይድናል፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ በጊዜ የታከመ ሰው እጁን አያጣም። ሆኖም በኢትዮጵያ አሁንም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ዘግይተው ይመጣሉ። ጅማት አዘዋውሮ ጣት የሚያቃና ሐኪም ግን እየተመናመነ ነው። ይህ እጅግ ያሳስበኛል። ወጣት ቀዶ ሐኪሞቻችን ይህን ጥበብ ከአረጋውያኑ ሳይወስዱ እንዳይቀሩ እፈራለሁ።

ከህንድ ከተመለስን በኋላ ለጋሼ ልዩ ጫማ ለማሠራት አለርት ሄድን። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ የእሳቸው ትውልድ ዘነበወርቅ ሲባል ይሸማቀቃል። አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ተጠግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ጣቶቻቸው አጥረዋል፣ ነጠላቸው እንደ በረዶ ነጭ ነው።

«እርስዎም እግርዎ አይሰማዎትም?»

«አይሰማኝም፣ እቴ። እኔን ስኳር ነው።»

«ያው ነው እንግዲህ። ማታ ማታ ያዩታል?»

«ምኑን?»

«እግርዎን ነዋ! ውስጡን በመስተዋት ያዩታል። ጫማውን ሳያጠልቁ ያራግፉታል፤ ከዚያ እጅዎን ከተው ይዳስሱታል። የእኔ እጅ ስለማይሰማ የልጅ ልጄ ናት የምትዳስስልኝ። የእርስዎ እጅ ይሰማል?»

ጋሼ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «እስካሁንስ ይሰማል።»

«እንግዲያው ምን ጭንቅ አለብዎት? ይዳስሱ» አሉና የራሳቸውን ጫማ አውልቀው ሶሉ እንዴት እንደተቆረጠ ያሳዩዋቸው ጀመር።